የግራ በር

ሃያ ሁለት ዓመት በር ስበይድ ኖሬ፣
የግራ በር ብቻ፣ በብልጭታ አርሬ፣
ጡረታ በወጣሁ ልጄ «አባባ፣ ተነሣ፣
መኪና ልገዛ ነው» አለች፣ ሳልበላ ምሳ።

ማህዊሽ ነርስ ናት፣ ሌሊት ነው ተራዋ፤
አራት ዓመት ታጥፎ የቆየው ሩፒዋ
በብስኩት ቆርቆሮ ካልጋ ሥር ተኝቷል፤
ለኔ መድኃኒትም ሁለት ጊዜ ወጥቷል።

ካራቺ ትንሽ ሰው ትንሽ መኪና ሲያምረው፣
ምርጫው ሁለት ነው፣ ኪሱ እንደመከረው፤
አንድም ያገር ቤቷ፣ አዲስ፣ ከነላስቲኳ፣
ወረፋ ተይዞ ዘጠኝ ወር ነው ልኳ፤
አንድም የጃፓኗ፣ ሰው ነድቶ የጠገባት፣
በመርከብ ተጭና ወደብ ያራገፋት።

«ያገራችን ቆርቆሮ አውራ ጣት ያጎደጉደዋል፣»
አለኝ ባለ ሱቁ፣ «አንተስ ይገባሃል።»
ዝም አልሁት።
ይገባኛል።
ያንን ስስ ላሜራ እሳት እንዳይበሳው
ትንፋሼን ውጬ እንደ አራስ ልጅ ያቀፍሁት
እኔ አይደለሁም ወይ?

ደግሞስ ሳጥን በሳጥን ነው የሚመጣው ክፍሉ፤
ሞተሩም ማርሹም ባሕር አቋርጦ ሁሉ፤
እኛ ገጣጥመን፣ ብሎን አጠባብቀን፣
«ያገር ልጅ» አልናት በባንዲራ ጠቅልለን።

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ»
ልል ነበር ለልጄ፤ ተውሁት አፍሬ።
የሷ ነው ገንዘቡ፤ የሷ ነው ሌሊቱ፤
በሪክሾ የሚደቅ የሷ ነው አንጀቱ።

ሐጂ ጉልፋራዝ ጋ ሄድን በማግሥቱ።
ነጯን አስጠጋልን ከበራፉ ፊቱ።
«አሮጊት ናት» አለን፣ «ጃፓን የነዳቻት፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ያወጣቻት፣
ጭረት እንኳ የላት፣ በሐጄ ልማልልህ።»
(ስንት መኪና አላት ይች አሮጊት? ልጠይቅህ።)

ማህዊሽ ተቀምጣ ቁልፉን ስታዞረው፣
አንዲት ሴት ከውስጧ ምን እንደምትለው
እንጃ፣ በጃፓንኛ ለስለስ ብላ አወራች፤
ልጄ ባራት ዓመት ዛሬ ገና ሳቀች።

እኔ በግራ ዞርሁ። ልማድ ነው፣ ምን ላርግ።
በጉልበቴ ወርጄ ጎማውን ገለጥሁ፤
ከበሩ ጠርዝ ላይ ነጥቦቹን ቆጠርሁ።
በቀኝ በኩል ያሉት መቁጠሪያ ነበሩ፣
እኩል ተሰድረው ማሽን ያስመሰከሩ።
የግራው ግን፣
የግራው...
ሰባተኛዋ ነጥብ ከሰልፍ ወጥታለች።

ሰባተኛዋ ላይ እጁን የሚያነሣ
አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ስቆጣው እንደ አንበሳ
ሦስት ዓመት ያልተወው፤ ኢምዳድ ነው፣ ልጅ እግሩ፤
ሳጥኑ ከወደብ የቀረ ጊዜ፣ በሩ
ተዘግቶ ፋብሪካው፣ ሲበተን ሠራተኛው፣
ሼርሻህ ሰፈር ገብቶ ብየዳ የከፈተው።

አንኳኳሁ በጣቴ። ደንቆሮ ነው ድምፁ፤
ስቱኮ ነው ላዩ፣ ቆርቆሮ ነው ውስጡ።
የባሕር ማዶዋ የኛን በር ለብሳለች፤
ያገር ቤቷ ደግሞ በሳጥን መጥታለች።
የትኛዋ የማን ናት? ሐጂን ልጠይቀው?
ጺሙን ይዳብሳል። ማወቄን አወቀው።

«ጭረት የላት አልህ?»
ሻይ አዘዘ።
ሻዩ ሳይበርድ ዋጋው ወረደ፣
የልጄን የሁለት ወር ሌሊት ያህል።
«ምን አገኘህ፣ አባባ?»
«የማውቀው ሰው» አልኋት።
አልቀጠልሁም። እሷም ቁልፉን ይዛለች።

በድልድዩ በኩል ወደ ቤት ስንመለስ
እሷ በቀኝ መሪ ይዛ፣ እኔ በግራ በሩ ሥር፣
ያቺ የጃፓን ሴት አሁንም አንድ ነገር ትነግረናለች፤
መንገዱ ጉድጓድ ባወጣ ቁጥር ደግሞ
በሩ ይንኳኳል፣ ክንዴ ሥር።

«ምንድን ነው የምትለው?» አለች ማህዊሽ።
እሷን እንጃ።
በሩን ግን እሰማዋለሁ።